ሁለት ችካልና አንድ ገመድ

ጆሊን ክራይድለር በሕይወቷ የወደደችው አንድ ወንድ ነው፤ እሱንም ያገኘችው ልትቆጣው ሄዳ ነው።

ዕድሜዋ ሃያ ሰባት ነበር። የሃርሞን ክሪክ ኮሌጅ የሴቶች ሆኪ ቡድን አሠልጣኝ ሆና ከተቀጠረች ዘጠነኛ ቀኗ ነው። ጨዋታው የእኛ ገና የሥጋ ዘመድ ነው፤ ዱላው ጫፉ ላይ ይጎብጣል፣ ኳሷ ትንሽና ደንዳና ናት፣ ሜዳው ሣር ነው። ተጫዋቾቿ በማግስቱ ከየቤታቸው ሊገቡ ስለሆነ፣ በዚያ በሚያቃጥል የነሐሴ ፀሐይ ሜዳውን አንድ ጊዜ በዓይኗ ልታየው ወጣች። ከጎሉ ፊት የተሠመረውን ነጭ ቅስት ስታይ ደሟ ፈላ።

አንድ ረጅም ሰው ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፍቶ፣ የኖራ ጋሪው ላይ ተደግፎ ውሃ ይጠጣል።

«ይቅርታ፣ ይሄን ማን ነው ያሠመረው?»

«እኔ ነኝ። ምነው፣ አላማረም?»

«ማማሩንስ አምሯል። ግን ስሕተት ነው።»

ሰውየው ቅስቱን አየ፣ እሷን አየ፣ መልሶ ቅስቱን አየ። «እመቤቴ፣ ጎሉ መሐል ችካል ተከልኩ፣ ገመድ አሠርኩ፣ ዞርኩ። ክብ ከዚህ ሌላ እንዴት እንደሚሠራ የነገረኝ የለም።»

«ክብ አይደለማ። ችካሉ ሁለት ነው። አንዱ ከዚህኛው ቋሚ ሥር፣ አንዱ ከዚያኛው። ከየቋሚው አሥራ ስድስት ያርድ ይዞሩና መሐሉን በቀጥታ መስመር ያገናኙታል። አሁን በግራም በቀኝም ሁለት ሁለት ያርድ በልተውብናል። ተጫዋቼ ከዚያ ቦታ መትታ ብታገባ ‘ከመስመር ውጭ ነው’ ተብሎ ይሰረዝባታል።»

«ሁለት ችካል» አለ ሰውየው፤ እንደ ከባድ ዜና ነው የተቀበለው። «እኔ ግን የነበረኝ አንድ ነው። እሱም ከነቀልኩት ወዲህ ጠፍቶብኛል።»

ጆሊን የገመዱን ጫፍ ከእጁ ነጠቀችና ከቋሚው ሥር ቁጢጥ አለች። «ይዙሩ እንግዲህ» አለችው። የመጀመሪያውን ኖራ በውሃ አጥበው፣ እሷ እንደ ችካል ተተክላ፣ እሱ ገመዱን ወጥሮ እየዞረ አሠመሩ። ሲጨርሱ ጉልበቷ ሣር፣ አፍንጫዋ ኖራ ሆኗል።

«ኤመሪ ሹፕ እባላለሁ» አላት። «ዝናብ ሲመታው ይለቃል፣ ሣር ሲታጨድም ይለቃል። ከየቅዳሜው ጨዋታ በፊት ሐሙስ ሐሙስ ይታደሳል። ችካል እስካገኝ ድረስ እርስዎ ሊቸገሩ ነው።»

ችካሉ አልተገኘም። ጆሊንም በየሐሙሱ ቁጢጥ አለች። ሦስተኛው ሐሙስ ላይ «እርስዎ» መባባሉ ሳያስቡት ቀረ። ገመዱ ሲወጠር ዓይን ለዓይን ይተያያሉ፤ እሱ መስመሩን ማየት ሲገባው እሷን እያየ የጠመመ መስመር ይሠራል፤ እሷም እንደ መጀመሪያው ቀን አትቆጣም። ልጆቹ በመልበሻ ክፍሉ መስኮት ተደርድረው ይስቃሉ።

«ኮች፣ የቀኙ ቅስት ዛሬ ትንሽ ሰክሯል» ትላታለች አምበሏ።

«ሩጪ፤ ሁለት ዙር።»

«ስላየሁ ነው የምቀጣው?»

«ሦስት ዙር።»

በጥቅምት መጨረሻ ኤመሪ ከአባቱ እርሻ አንድ ሣጥን ፖም አመጣላት። የሚበላ ፖም ማለት ምን እንደሆነ አታውቂም ብሎ፣ በኪሱ ቢላዋ እየቆረጠ አበላት። የዚያን ቀን ሳማት። ቡድኗ በማግስቱ አራት ለባዶ ተሸነፈ፤ እሷ ግን እንደ አሸናፊ ፈገግ ስትል ውላ ልጆቿን አስቀየመች።

አራት ዓመት እንዲህ ሄደ። ከዚያ የኤመሪን አባት ድንገተኛ ሕመም ግማሽ ጎኑን ሽባ አደረገው። ሌላ ወንድ ልጅ የለም። ኤመሪ ሁለት ሰዓት በመኪና ወደ ደቡብ ወርዶ የፖም እርሻውን ተረከበ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የከበደው። ሌሎች ሁለት ሰዓት መንገድ ተለያይተው ይዋደዳሉ፤ የእነሱ ግን ሥራቸው ተጣላ። ፖም የሚለቀመው ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ኅዳር መግቢያ ነው። ሆኪም የሚጫወቱት ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ኅዳር መግቢያ ነው። እሱ ዛፉን ትቶ አይመጣ፣ እሷ ልጆቹን ትታ አትሄድ። የበረዶው ክረምት ሲገባ ደግሞ ጆሊን ለመጪው ዓመት ተጫዋች ልትመለምል ከከተማ ከተማ ትዞራለች፤ በጸደይ ልምምድ አለ፤ በበጋ የታዳጊዎች ማሠልጠኛ አለ። የአሠልጣኝ ወቅት ስሙን ይለውጣል እንጂ አያልቅም።

«እንጋባ» ሲላት «ወቅቱ ይለቅ» ትለዋለች።

«እሺ። ወቅቱ ሲያልቅ ንገሪኝ» ይልና ይስቃል። በሁለተኛው ዓመትም ጠየቃት፤ ሳቁ ግን ትንሽ አጠረ።

በስድስተኛው ዓመታቸው ጆሊን ራሷ ቀን ቆረጠች። ኅዳር ውስጥ ያለች አንዲት ቅዳሜ፣ በሰባት ሰዓት፣ በኤመሪ መንደር ቤተ ክርስቲያን። «ዘንድሮ ግማሹ ቡድን አዲስ ነው» አለችው። «ከጥቅምት አናልፍም።»

«እንዳታልፉ ልጸልይ?»

«ጸልይ እባክህ» አለችው፤ ሁለቱም ሳቁ።

ያ ግማሹ አዲስ የሆነ ቡድን ማሸነፍ ጀመረ። ማንንም ሳይፈራ እያሸነፈ የሊጉ ፍጻሜ ደረሰና፣ ከሠርጉ በፊት በነበረው ቅዳሜ በፍጻሜው ተሸነፈ። ጆሊን ከልጆቿ ጋር ተቃቅፋ አለቀሰች። ከልቅሶዋ ሥር ግን ትንሽ እፎይታ ነበረባት፤ ሠርጓ ተረፈ።

በማግስቱ እሑድ እርሻው ቤት ነበረች። ለሠርገኛው የሚታደል የፖም ማርማላታ በትናንሽ ጠርሙስ ተሞልቶ ጠረጴዛውን አልብሶታል። ኤመሪ ክዳን ይከድናል፣ አክስቱ ፈርን ቀኑ የተጻፈበትን ወረቀት ትለጥፋለች፣ ጆሊን ሪባን ታሥራለች። ስልኩ ጮኸ። ጆሊን አነሣችው፤ ረዳቷ ነበረች። ፍጻሜ ከተሸነፉት ቡድኖች ለአገር አቀፍ ውድድር ጥቂቶች በምርጫ ይገባሉ፤ ሃርሞን ክሪክ ተመርጧል። በኮሌጁ ታሪክ ሆኖ አያውቅም።

«ተመረጥን» አለች ስልኩን እንደያዘች። «ኤመሪ፣ ተመረጥን።»

«መቼ ነው?»

ያኔ ነው ትዝ ያላት። «ቅዳሜ።»

«በስንት ሰዓት?»

«በሰባት።»

አክስት ፈርን የያዘችውን ወረቀት ጠርሙሱ ላይ ሳትለጥፍ ቀረች። «ረዳት አለሽ አይደል፣ ልጄ? ለአንድ ቀን እሷ ትምራቸው» አለቻት።

«ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፣ አክስቴ። አራቱ ተጫዋቾች ደግሞ የመጨረሻ ዓመታቸው ነው፤ እኔ ነኝ ከየቤታቸው ያመጣኋቸው።» ወደ ኤመሪ ዞረች። «አንድ ሳምንት እንግፋው። አንድ ሳምንት ብቻ።»

ኤመሪ በእጁ የነበረውን ክዳን አጥብቆ ከደነው፤ ከሚገባው በላይ አጠበቀው። «ሂጂ» አላት። «ተጫወቱ።»

ስድስት ሰዓት በአውቶቡስ ተጉዘው፣ በተጨማሪ ሰዓት አንድ ለባዶ ተሸነፉ። ጆሊን ልጆቹን ኮሌጅ አድርሳ፣ እሑድ ጠዋት ወደ እርሻው ነዳች። ኤመሪ ባዶ ሣጥኖች ሲደረድር አገኘችው።

«ጥፋቴን አውቃለሁ» አለችው። «ነገ ጠዋት እንጋባ። ሰው አያስፈልገንም፤ እኔና አንተ ብቻ።»

«አላጠፋሽም።»

«ታዲያ እሺ በለኛ።»

ሣጥኑን አስቀምጦ ቀና አለ። «ጆሊን፣ ያን ዕለት ስልክ ይዘሽ ሳለ ፊትሽን አየሁት። ስድስት ዓመት አውቅሻለሁ፣ ያን ፊት ለኔ አሳይተሽኝ አታውቂም። ልቆጣ ፈለግሁ፤ ግን ሰው ደስ ስላለው እንዴት ይቆጡታል?»

«እወድሃለሁ እኮ።»

«አውቃለሁ። ባትወጂኝ ይቀለኝ ነበር።» እጇን ያዘ፤ እጁ በረዶ ነበር። «ወቅቱ ሲያልቅ ንገሪኝ» አላት። ያኔ አልሳቀም።

ጆሊን ክረምቱን ሙሉ ስልኩን አየችው። እሱ ቢደውል ሁሉን ጥላ ትሄድ ነበር፤ እንዲህ ብላ ለራሷ ትምል ነበር። እሱም እንደዚያው እሷን ይጠብቅ እንደነበረ ከአክስት ፈርን የሰማችው ዘግይቶ ነው። ጸደይ ገባ፣ ልምምድ ተጀመረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ኤመሪ ካርላ የምትባል የመንደሩን አስተማሪ አገባ። ሠርጉ ጥቅምት ላይ፣ ቅዳሜ ነበር። ጆሊን በዚያ ሰዓት በዝናብ ውስጥ ቆማ ተከላካዮቿ ላይ ትጮህ ነበር፤ ዝናቡ ጠቀማት።

ሠላሳ አንድ ዓመት አሠለጠነች። ልጆቿ ሐኪም ሆኑ፣ ዳኛ ሆኑ፣ እናት ሆኑ፤ በውድድሩ ወቅት ያገቡትን ሠርግ ግን አላየችላቸውም። አንድ በጋ ኮሌጁ ሣሩን ገፍፎ የፕላስቲክ ሣር አነጠፈ። መስመሩ ከፋብሪካ ተሰፍቶ የሚመጣ ነው፤ ዝናብ አያስለቅቀውም፣ ማንም ሐሙስ ሐሙስ አያድሰውም። አዲሱ የሜዳ ሠራተኛ መጋዘኑን ሲጠርግ ያን አሮጌ ገመድ ቆሻሻ ላይ ጣለው። ጆሊን አንሥታ ቢሮዋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው፤ አዲሱ ሰው ግራ ገባው።

ሃምሳ ስምንት ዓመት ሲሞላት አንድ ደብዳቤ መጣላት። «ስሜ ሊዲያ ሹፕ ነው፤ አጥቂ ነኝ» ይላል። «እርሻችን ውስጥ ከፖም ዛፎቹ ጀርባ አባቴ ሣር አጭዶ ሜዳ ሠርቶልኛል። ቅስቱን በሁለት ችካል ነው የሚያሠምረው። የት ተማርክ ስለው ‘አንዲት ሴት ተቆጥታ አስተማረችኝ’ ይለኛል። እርስዎ ጋ መጫወት እፈልጋለሁ።»

ጆሊን ሄዳ ልጅቷን በትምህርት ቤቷ ጨዋታ ላይ አየቻት። ኳስ ስትነዳ የአባቷን ረጅም እግር ነው የያዘችው። አባትየው ለቀማ ላይ ስለነበር አልመጣም። ልጅቷን ግን ተቀበለቻት፤ የተቀበለቻት ጎበዝ ስለሆነች ነው፣ በዚህ ማንም አይጠራጠር። በነሐሴ፣ ልምምድ በሚጀመርበት ቀን፣ ወላጆች የልጆቻቸውን ዕቃ ተሸክመው ይመጣሉ፣ አሠልጣኟም ቆማ እጅ እየጨበጠች ትቀበላለች። ባለትዳር ሰው ነው፣ እሷም ሽበታም ነች፤ አንድ ጊዜ እጁን ብጨብጠው ይበቃኛል አለች። ሲነጋ ሲመሽ ነሐሴን ማሰብ ጀመረች። የሚያውቋት ሁሉ ዘንድሮ ጆሊን ለሰለሰች አሉ።

መጋቢት ላይ የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ ጠራት። የተማሪው ቁጥር ቀንሷል፤ ኮሌጁ አራት ቡድኖች ሊዘጋ ነው። ሆኪው ከነሱ አንዱ ነው። ኃላፊው ሲናገር ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ ነበር። ለመጪው ዓመት የተቀበለቻቸው ሰባት ልጆች ዜናውን ከጋዜጣ እንዳይሰሙ ራሷ እንድትደውል ጠየቀች።

ከቀትር በኋላ ለስድስቱ ደወለች። የሹፕን ቤት መጨረሻ አደረገችው።

«ሹፕ ቤት» አለ የወንድ ድምፅ። ሻክሯል፤ ግን እሱው ነው።

«ኤመሪ፣ ጆሊን ነኝ።»

ከወዲያ ውሻ ጮኸ።

«ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። አንተስ?»

«ጉልበቴ ነው እንጂ ሌላው ይመስገን ነው።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ሊዲያ ልምምድ ላይ ናት። ነሐሴን በጣቷ ነው የምትቆጥረው። ዕቃዋን ይዤ የምመጣው እኔ ነኝ ብያቸዋለሁ። ለቀማው ሊጀምር ነው ቢሉኝ፣ ይጀምር አልኳቸው።»

በሠላሳ ዓመት ውስጥ ለቀማውን ትቶ ሊመጣ የተነሣበት ቀን ይህ ነው።

«እንዳትመጣ ልነግርህ ነው የደወልኩት» አለችው። ነገረችው። ለሊዲያ ሦስት አሠልጣኞች እንዳናገረች፣ ሁለቱ ሊያዩዋት እንደሚፈልጉ፣ ልጅቷ ከሷ የተሻለ ቦታ እንደምታገኝ ሳታቋርጥ ነገረችው።

«አንቺስ?» አላት።

«እኔ ምን?»

«አንቺ ምን ልትሆኚ ነው?»

መሳቢያው ክፍት ነበር። ገመዱ ውስጡ ተጠቅልሎ ተኝቷል።

«ወቅቱ ሲያልቅ ንገሪኝ ብለኸኝ ነበር» አለችው። «አለቀ፣ ኤመሪ።»

ከኋላው የሴት ድምፅ «ማን ነው ውዴ? ራት ይቀዘቅዛል» አለ።

«የሊዲያ አሠልጣኝ ናት» አለ ኤመሪ ወደዚያ ዞሮ። ከዚያ ወደ ስልኩ ተመለሰ፤ ድምፁ ዝቅ አለ። «ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ።»

«እሺ።»

«ጆሊን።»

«አቤት።»

«ያን ቀን ችካሉ ጠፋብኝ ያልኩሽ ውሸቴን ነው። መኪናዬ ውስጥ ሦስት ነበረኝ።»

«አውቃለሁ» አለችው። «በሁለተኛው ሐሙስ አይቻቸዋለሁ።»

ስልኩን ማን ቀድሞ እንደዘጋው አላስታወሰችም። ከዝርዝሩ የመጨረሻውን ስም ሰረዘችና፣ በልማድ የመጪውን ወቅት የቀን መቁጠሪያ ገለጠች። ከመስከረም እስከ ኅዳር ያሉት ቅዳሜዎች ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ ባዶ ነበሩ።