የካርዱ ጀርባ

ወላቃዋ ካርዱን ተቀበለችና ፊቱን ሳታይ ገለበጠችው። ጀርባውን አየች፣ ማዕዘኖቹን አንድ በአንድ በጣቷ ዳሰሰች፣ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታም አሸተተችው። ከዚያ ቀና ብላ ሎጋን በትዝብት ተመለከተቻት።

«ይኼ የእኛ አይደለም» አለች።

«የእናንተ ነው እንጂ! አዲስ ነው፣ ትናንት እኔ ነኝ የሠራሁት። አሪፍ አይደል? በይ አንብቢው።»

«ምን የሚለው ነው?»

«እሱን እኮ ነው እኔ የምጠይቅሽ!»

ወላቃዋ ካርዱን እንደገና ገለበጠችው። ሁለቱ የፊት ጥርሶቿ በአንድ ሳምንት ውስጥ ስለወለቁ ክፍሉ በሙሉ በዚህ ስም ይጠራታል፤ እሷም አልከፋትም፣ እንዲያውም ምላሷን በክፍተቱ እያሾለከች ለጠየቃት ሁሉ ታሳያለች። ስድስት ዓመቷ ነው። የአንደኛ ክፍል አንደኛ አንባቢ እሷ ናት። መምህርቷ ካርድ አውጥታ አዙራ ሳትጨርስ፣ ሌላው ልጅ አፉን ሳይከፍት፣ ወላቃዋ ፊደሉን ትጮኸዋለች። ታዲያ ዛሬ ምን ነካት?

ሎጋ ደግሞ የመምህርቷ ልጅ ናት፤ ስምንተኛ ክፍል። ባለፈው ክረምት ድንገት ተመዝዛ ከእናቷ ትከሻ በላይ ስለወጣች ነው ሎጋ የተባለችው። የራሷ ትምህርት ጠዋት ያልቃል። ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ እናቷን ለማገዝ እዚህ ክፍል ትመጣለች። ስልሳ ሁለት ሕፃን ለአንድ ሰው ቀልድ አይደለም። አንዱ እርሳስ ሲያስቀርጽ አንዱ አፍንጫው ይፈሳል፣ ሦስተኛው ደግሞ «ቲቸር፣ እሱ መታኝ» ይላል፤ መታ የተባለው ልጅ ከክፍሉ ወዲያኛው ጫፍ ቢሆንም።

ትምህርት ቤቱ ለእናቷ የሰጣት ሰሌዳና ጠመኔ ነው። የቀረውን ሁሉ ሰው ከጣለው ነገር ራሷ ሠርታዋለች። ከግድግዳ ግድግዳ ገመድ ተወጥሮ የልጆቹ ሥዕል በልብስ መቆንጠጫ ተሰቅሏል። ለመቁጠሪያ አንድ ባልዲ ሙሉ ቆርኪ አለ። በጣት ፊደል የሚጻፍበት፣ አሸዋ የተነጠፈበት ሰፊ ትሪ አለ። እጆቹ በኮት ቁልፍ የተያያዙ የካርቶን ሰዓትም አለ፤ ሁልጊዜ አራት ሰዓት ላይ ነው፣ ምክንያቱም አራት ሰዓት እረፍት ነው፣ ልጆቹም እየሮጡ ወደዚያ ይመልሱታል።

ከሁሉም በላይ ግን የእናቷ መመኪያ የፊደል ካርዶቹ ናቸው። የዛሬ ስድስት ዓመት፣ ሎጋ ገና የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች፣ እናቷ ከሱቅ ሱቅ እየዞረች በለመነችው ካርቶን ነው የተሠሩት፤ የሳሙና፣ የጫማ፣ የብስኩት፣ የማካሮኒ። ነገ ደግሞ ሱፐርቫይዘሯ እነዚህን ካርዶች ለማየት ትመጣለች። እናቷ አሁን ስለዚሁ ጉዳይ ዳይሬክተሩ ቢሮ ተጠርታ ሄዳለች። ሎጋም እናቷን ላስደስታት ብላ ትናንት ከሰዓት በኋላውን በሙሉ በነጭ ወፍራም ወረቀት፣ በማስመሪያና በማርከር አዲስ ካርዶች ስትሠራ ዋለች። ሁሉም እኩል፣ ሁሉም ንጹሕ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት።

«እሺ» አለች ሎጋ፣ «የድሮዎቹንስ እንዴት ነው የምታውቂያቸው?»

ወላቃዋ የሞኝ ጥያቄ እንደተጠየቀ ሰው ትከሻዋን ነቀነቀች። የድሮዎቹን ካርዶች ከመደርደሪያው አወረደች፣ ጀርባቸውን ወደ ላይ አድርጋ ምንጣፉ ላይ ዘረጋቻቸው፣ እየጠቆመችም ማስረዳት ጀመረች።

«ይቺ የሳሙናዋ ‹በ› ናት። ጫማ ያለባት ‹ቀ›። ሻይ የፈሰሰባት ‹ሰ›። ይቺ የተነከሰችዋ ‹መ›።»

«ማን ነከሳት?»

«እኔ» አለች ወላቃዋ በኩራት። «ርቦኝ ነበር።»

«ፊደሉንስ? እዚህ ፊት ለፊት ያለውን ጥቁሩን ጽሑፍ አታዪውም?»

«አየዋለሁ እንጂ። ያምራል።»

ሎጋ ሳቋ አመለጣት። የእናቷን ልማድ ታውቃለች፤ እናቷ ካርድ ስታወጣ መጀመሪያ ራሷ ታየዋለች፣ ከዚያ ነው ወደ ልጆቹ የምታዞረው። እሷ ፊቱን እስክታይ ልጆቹ ጀርባውን ጠግበው ያዩታል።

«ይኼን ማን አስተማረሽ?»

«እህቴ። ሦስተኛ ክፍል ናት፣ እሷም እዚህ ነው የተማረችው። እኔ ደግሞ ለእሱ ነገርኩት፣ ለእሷም ነገርኳት፣ ለዚያ ለሚያለቅሰው ልጅም ነገርኩት» እያለች በጣቷ ክፍሉን ዞረችው።

የሎጋ ሳቅ እዚያው ቆመ። አዲሶቹን ካርዶች ይዛ ልጆቹን አንድ በአንድ ወደ ምንጣፉ ጠራቻቸው። አንዱ ገለበጠ። ሁለተኛዋ ገለበጠች። ሦስተኛው ጣሪያውን እያየ የመጣለትን ፊደል ሁሉ ዘረገፈ። ከአሥራ አንድ ልጆች በትክክል ያነበቡት ሦስት ብቻ ነበሩ። ሎጋ ፈራች። አምና የሁለተኛ ክፍሏ መምህርት በር ላይ እናቷን አስቁማ «ልጆችሽ እኔ ጋ ሲደርሱ ፊደሉ ሁሉ ይጠፋባቸዋል» ያለቻት ትዝ አላት። እናቷ «ክረምቱ ነው የሚያስረሳቸው» ብላ መልሳ አንድ ወር ሙሉ አኩርፋት ነበር።

በሩ ተከፈተና እናቷ ገባች። ሎጋ ነጮቹን ካርዶች ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻቸው።

«ሦስት ሰዎች ናቸው የሚመጡት!» አለች እናቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ፊቷ በርቷል። «ካርዶቹን ከወደዷቸው ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ በየትምህርት ቤቱ እየዞርኩ ለአስተማሪዎች አሳያለሁ። አስተማሪ ላስተምር ነው፣ ይገባሻል? ወላቃዋን ነው የማስነሳት። ካርዱን አዙሬ ሳልጨርስ እኮ ነው የምትመልስልኝ!»

ሎጋ ቦርሳዋን ዘጋች። እናቷ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አስተምራለች። በአሥራ ዘጠኙ ዓመት ውስጥ ወደ ክፍሏ ገብቶ «እንዴት ነው እንዲህ የምታደርጊው?» ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ቤት ሲደርሱ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። እናቷ ለነገ የምትለብሰውን ቀሚስ እያንጎራጎረች መተኮስ ጀመረች።

«እስኪ እነዚያን ካርዶች አምጪና የላላውን በፕላስተር አጣብቂልኝ» አለቻት። «የተነከሰችዋን አደራ። ሳላስተካክላት ስንት ጊዜ ሆነኝ።»

ሎጋ ጠረጴዛው ላይ ካርዶቹን ዘርግታ ተቀመጠች። ፕላስተሩ ጣቷ ላይ ተጣብቆ እንቢ አላት። ነገ ይለፍ፣ አለች በልቧ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ? ታዲያ አንድ ቀን ቢያድር ምናለበት? ሰዎቹ መጥተው፣ አጨብጭበው፣ ሄደው፣ ከዚያ በኋላ ቀስ ብላ ትነግራታለች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ዛሬ ተናግራ የእናቷን አንድ ቀን ብታበላሽ በምን ትመልሰዋለች?

ነገር ግን ጭብጨባው ለወላቃዋ ነው። ወላቃዋ ነገ በሦስት እንግዶች ፊት የሳሙና ካርቶን አንብባ ይጨበጨብላታል፣ በሚቀጥለው ዓመትም ሁለተኛ ክፍል ገብታ ፊደል የማታውቅ ልጅ ትሆናለች። «አምና ጎበዝ አልነበርሽም እንዴ?» ሲሏት ምን ብላ ትመልሳለች? ከዚያም የሎጋ እናት በየትምህርት ቤቱ ትዞራለች፣ በየትምህርት ቤቱም አንዲት ወላቃ ትኖራለች።

«እማ።»

«ወይ።»

«ልጆቹ ካርዱን አያነቡትም። ካርቶኑን ነው የሚያውቁት።»

እናቷ ካውያውን አላቆመችም። «ማን ነው እንዲህ ያለሽ?»

«ማንም አላለኝም። ራሴ ነኝ ያየሁት።» ሎጋ ነጮቹን ካርዶች ከቦርሳዋ አወጣችና የሆነውን ሁሉ ነገረቻት፤ ስለ ሳሙናው፣ ስለ ጫማው፣ ስለ ወላቃዋ ታላቅ እህት፣ ከአሥራ አንዱ ሦስቱ ብቻ እንዳነበቡ።

«ደንግጠው ነው የሚሆነው። ሕፃን አዲስ ነገር ሲያይ ይደነግጣል» አለች እናቷ።

«አልደነገጡም፣ እማ። ገለበጡት። ሁሉም ገለበጡት።»

እናቷ ካውያውን ነቀለችና ወንበር ስባ ተቀመጠች። አንዱን የድሮ ካርድ አነሳች፣ ጀርባውን አየች፣ ፊቱን አየች። እንደገና ጀርባውን አየች። ስትናገር ድምጿ ተለውጦ ነበር።

«ነግራኝ እኮ ነበር፣ ያቺ የሁለተኛ ክፍሏ። እኔ ነኝ የተቀየምኳት።» ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ስድስት ዓመት! ስንቱን ልጅ ነው እንዲህ ያሳለፍኩት?»

እናቷ እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠርጋ ድንገት ቆጣ አለች።

«ለምንስ ዛሬ? ነገ ማታ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«ነገ ማታ ብነግርሽ፣ ለምን ትናንት አልነገርሽኝም ትይኝ ነበር።»

እናቷ ልትስቅ ቃጣት፣ ግን አልሳቀችም። የድሮዎቹንም አዲሶቹንም ካርዶች አንድ ላይ ጠቅልላ መኝታ ቤት ገባች። ቀሚሱ ግማሹ እንደተጨማደደ ቀረ። ሎጋ ተነስታ ጨረሰችው።

በማግስቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሱፐርቫይዘሯና ሁለት ሰዎች በሕፃናቱ ትንንሽ ወንበሮች ላይ ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ ደርሶ ተቀምጠው ነበር። ዳይሬክተሩ በር ላይ ቆመዋል። ሎጋ ከኋላ መስኮቱ አጠገብ ቆማ የእናቷን ቦርሳ ታያለች። ጠዋት እናቷ ሳታናግራት ነው የወጣችው። የትኞቹን እንደያዘች አታውቅም።

እናቷ ቦርሳውን ከፈተች። የወጡት ነጮቹ ነበሩ።

«ላሳያችሁ ያሰብኩት ሌላ ነገር ነበር» አለች ለእንግዶቹ። «ትናንት ግን ካርዶቼ ልጆቹን እንዳታለሏቸው ተረዳሁ። ልጆቹ የሚያውቁት ካርቶኑን እንጂ ፊደሉን አልነበረም። ስለዚህ ዛሬ የምታዩት ትዕይንት አይደለም፣ ትምህርት ነው። ከመጀመሪያው።»

ዳይሬክተሩ ሳል ያዛቸው። ሱፐርቫይዘሯ መነጽሯን አውልቃ የሎጋን እናት አየች፣ መልሳ አደረገችና ማስታወሻዋ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች። ምን እንደጻፈች ፊቷ አይናገርም።

«ነይ የኔ ቆንጆ» አለች እናቷ።

ወላቃዋ ወጣች። ነጩን ካርድ ተቀብላ እንደ ልማዷ ገለበጠችው። ምንም የለም። መልሳ ገለበጠችው። የቀሩት ልጆች አንገታቸውን አሰገጉ። ምላሷ በጥርሶቿ ክፍተት ብቅ አለ፣ ተመልሶም ገባ። ልታለቅስ ስትል የሎጋ እናት አጠገቧ ተንበረከከች።

«ቀስ በይ። ጊዜ አለን። መጀመሪያ በጣትሽ ተከተይው። ከየት ይጀምራል?»

ወላቃዋ ጣቷን አነሳች፣ ግን ካርዱ ላይ አላሳረፈችውም። ዓይኗ የእንግዶቹን ጭንቅላት ሁሉ አልፎ መስኮቱ አጠገብ ያለችው ሎጋ ላይ ተተከለ። ካርዱን የሠራችው እሷ እንደሆነች ታውቃለች። ንገሪኝ፣ ይል ነበር ያ ዓይን።

ወላቃዋ ካርዱን ስትገለብጠው ሎጋ ፊደሉን ከሩቅ አይታዋለች። ከንፈሯን ትንሽ ብታንቀሳቅስ ይበቃ ነበር። ማንም አያያትም። ወላቃዋ ትመልሳለች፣ ክፍሉ ያጨበጭባል፣ ሱፐርቫይዘሯም ምናልባት ሌላ ነገር ትጽፋለች። የእናቷ ጀርባ ላብ አውጥቶ ቀሚሱ ላይ እርጥብ ነጥብ ታየ። ሎጋ በጣም አዘነችላት፣ በጣምም ወደደቻት።

ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሜዳው ላይ የሌላ ክፍል ልጆች ኳስ ይራገጣሉ። ከኋላዋ አንዲት ትንሽ ጣት ወፍራም ወረቀት ላይ ስትሄድ የምታሰማው ድምፅ ተሰማት፤ ሄደች፣ ቆመች፣ እንደገና ከመጀመሪያው ሄደች። ወላቃዋ በራሷ አፍ እስክትናገረው ድረስ፣ ሎጋ ላትዞር ወሰነች።