ከሳቁ ሥር የቀረ ድምፅ

አቶ ወልደ ሐዋርያት ኮተቤ ባለው ቤታቸው፣ አልጋቸው ላይ በገዛ ትራሳቸው ታፍነው ተገኙ። ቴሌቪዥኑ ግን ይስቅ ነበር። አንጋፋው ኮሜዲያን ዳሌያቸው ተሰብሮ አልጋ ላይ ከዋሉ ሰንብተዋል። ፊት ለፊታቸው የራሳቸው የድሮ ተከታታይ ድራማ በአዲስ ዲቪዲ ይታያል፤ ከላዩ የተለጠፈው የውሸት ሳቅ መስኮቱን ያንቀጠቅጣል።

«ኧረ ይሄን ነገር አጥፉልኝ!» አለች ኢንስፔክተር ሐመልማል ፊቷን አጨፍግጋ። «ሪሞቱ የት ነው?»

ሪሞቱ ከአልጋው ርቆ፣ ከወዲያኛው ግድግዳ ጥግ የቴሌቪዥኑ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። እሷም ቆማ አየችው።

በሩ ሲዘጋ ራሱ ይቆለፋል፤ ቁልፉ ያለው ደግሞ ልጃቸው እየሩስ እጅ ብቻ ነው። ስለዚህ መንደሩ ገና ሳይመረመር ጣቱን እሷ ላይ ቀስሯል።

«አቶ ወንደሰንን አስገብቼ ሾላ ገበያ ሄድኩ» አለች እያለቀሰች። «ዲቪዲውን ያሳተመው እሱ ነው። አባዬ ‹ሥራዬን አበላሽቶ ሸጠው፤ ሬዲዮ ላይ ቀርቤ አትግዙ እላለሁ› ብሎ ዝቶበት ነበር።»

«ምኑን አበላሸው?»

«ድምፁን ነዋ! ሰው ሲያወራ አይሰማም፣ ትጨምሪዋለሽ። ሳቁ ሲመጣ ጆሮ ይበጥሳል፣ ትቀንሺዋለሽ። አባዬ ሲያየው ሪሞቱ ከእጁ አይለይም።»

ወንደሰን ሽቶውን አርከፍክፎ መጣ። የዘረጋውን እጅ ሐመልማል ሳትጨብጠው ቀረች።

«ስወጣ ደህና ነበሩ» አለ። «ዲቪዲውን እያዩ ነው የተለየኋቸው። ውጭ በር ድረስ ሳቁ ይሰማኝ ነበር።»

የግድግዳ ጎረቤታቸው ወይዘሮ አስያም ተጠየቁ። «መጀመሪያ ሁለቱ ወንዶች ሲጨቃጨቁ ሰማሁ። ከዚያ ሳቅ ብቻ! ይጮህና ጸጥ፣ ይጮህና ጸጥ። ግድግዳውን ብደበድብ ማን ይስማኝ? እሳቸው እንዲህ አስቸግረውኝ አያውቁም። ልጅቷ እስክትመጣ እንደዚያው ነበር።»

በማግስቱ ሐመልማል ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ሟች ዲቪዲውን ሲያዩ ሳቁን ስለሚቀንሱት ጎረቤት አይረበሽም ነበር» ብላ ጀመረች። «ትናንት ግን የሚቀንስ እጅ ጠፋ። ሳቁ ሲጮህ የቆየው እየሩስ ከገበያ ሳትመለስ ነው። አቶ ወንደሰንም ሲወጡ ሰምተውታል፤ በራሳቸው አፍ ነግረውኛል። ስለዚህ እሳቸው ሲወጡ ሽማግሌው ሞተው ነበር።»

«እንቅልፍ ወስዷቸው ይሆናላ!» አለ ወንደሰን።

«ከአልጋ የማይወርድ ሰው ሪሞቱን እዚያ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ተኛ?» ወንደሰንን አንቱ ማለቱ እዚህ ላይ አስጠላት። «ገደልካቸውና በሕይወት እንዲመስሉ ዲቪዲውን ከፍተህ ወጣህ። ይሄን ዲቪዲ እጁን አጣጥፎ የሚያይ ሰው እንደሌለ የገዛው ሁሉ ያውቃል። አንተ ግን አታውቅም። ሸጥከው እንጂ አንድ ቀን ቁጭ ብለህ አላየኸውም!»

«ማን ይሄን ቆሻሻ ቁጭ ብሎ ያያል?» አለ ወንደሰን። ካለ በኋላ ነው አፉን የያዘው።

ሰው ገድሎ በሟቹ ቀልድ መሸፈን! ያቅለሸልሻል። ወይዘሮ አስያ ካቴና ሲጠለቅለት እንኳ ሊያዩት አልፈለጉም፤ ፊታቸውን አዞሩ።

ሁሉም ሲወጡ እየሩስ ዲቪዲውን ከፈተችው። የአባቷ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ ድምፁ የለም። ጨመረችው፤ እንደምንም ተሰማ። ሳቁ ሊመጣ ሲል አውራ ጣቷ ቀድሞ ቀነሰው።