ትንፋሽ የሚያሳልፍ ጨርቅ

ዲጄው ገመዱን ዘርግቶ ሲመለስ ሁለቱ ትልልቅ ስፒከሮቹ የሉም። ባቆማቸው ቦታ፣ ከሙሽሮቹ መቀመጫ ግራና ቀኝ፣ በወይን ጠጅ ቀለም ከፋይ ጨርቅ የተጀቦኑ ሁለት ነገሮች ቆመዋል። አናታቸው ላይ ደግሞ አበባ ተደርድሯል።

«ዕቃዬን ማነው የገነዘው?» ብሎ ጮኸ።

«ገነዝኩት? አስጌጥኩት እንጂ!» የሚል ድምፅ ከላይ መጣ። ቀና ሲል ከመሰላል ጫፍ ላይ፣ በከንፈሮቿ መሀል ስፒል የያዘች ልጅ ጣሪያው ሥር መጋረጃ ስታያይዝ አየ። «ጥቁር ሣጥን ሙሽራ አጠገብ ተገትሮ ፎቶ ሲነሳ ትንሽ አያሳፍርህም?»

«ሣጥኑ አፉ ከታፈነኮ የሚጨፍረው አበባሽ ብቻ ነው።»

ስፒሉን ከአፏ አውጥታ ሳቀች። ለጠብ ተዘጋጅቶ የነበረው ዲጄ ሳቋን ሲሰማ አብሯት ሳቀ።

ወርዳ ፊቱ ቆመች። አንገቷ ላይ የልክ መውሰጃ ሜትር ተንጠልጥሏል፤ ጉልበቷ አቧራ ለብሷል። እሷና ልብስ ሰፊው አባቷ የሠርግ አዳራሽ በማስዋብ ስማቸው የተጠራ ነበር። ዲጄው ግን እስከዚያ ቀን ከነሱ ጋር ሠርቶ አያውቅም።

«ታዲያ ድምፅ የሚያሳልፈው የትኛው ጨርቅ ነው?» አለችው።

«ትንፋሽ የሚያሳልፈው። አፍሽ ላይ አድርጊና እፍ በይበት።»

ከጥቅሎቹ መሀል ስስ ነጭ ጨርቅ መዘዘች። አፏ ላይ አላደረገችውም፤ በእሷና በእሱ ፊት መሀል ወጥራ ያዘችው። «አንተ እፍ በል፣ እኔ ልፍረድ።»

እፍ አለ። ከጨርቁ ወዲያ የግንባሯ ፀጉር ተነቃነቀ። ዓይኖቿ በስሱ ጨርቅ ውስጥ፣ ጉም ውስጥ እንዳለ መብራት ይታዩታል።

«አለፈ» አለች ቀስ ብላ። ምን እንዳለፈ ግን ሁለቱም እርግጠኛ አልነበሩም።

ከዚያ ወዲህ ባለመሰላሏና ዲጄው ብዙ ሠርግ አብረው ሠሩ። ለስፒከሮቹ ልካቸውን ወስዳ እንደ ሕፃን ልብስ ሰፋችላቸው። እሱም ሥራው ከሚፈልገው ቀደም ብሎ መምጣት ለመደ። ሰበቡ ገመድ ነው፣ እውነቱ እሷን ማየት ነበር። ግድግዳውን ከጣሪያ እስከ ወለል በወፍራም መጋረጃ ስታለብሰው፣ እያንዳንዱን እጥፋት በጣቷ ስታቃና ያያታል። ሁሉንም ስትጨርስ ደግሞ ማንም የማይፈልገው ወንበር ላይ፣ ከምሰሶው ጀርባ፣ ሄዳ ትቀመጣለች።

«እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?» አላት አንድ ቀን።

«እዚህ የሚቀመጠውም ሰው ተጠርቶ ነው የመጣው። እሱም የሚያየው ነገር ያስፈልገዋል።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ እሱም ድምፁን የሚፈትሸው ከዚያ ወንበር ላይ ሆነ። እንዲህ ያለ ሰው አይቶ አያውቅም ነበር።

ስሙም አብሮ ገነነ። እንግዶች ሲወጡ እጁን እየጨበጡ «እያንዳንዷ ቃል ነው የተሰማችን፤ እጅህን ይባርከው» ይሉታል። ይህን በደንብ ያስተዋለችው ታላቅ እህቱ ናት። ወላጆቻቸው ከሞቱ በኋላ ያሳደገችው፣ የመጀመሪያውን ስፒከር የገዛችለት፣ አሁንም ሥራውን የምትመራው እሷ ነበረች።

«ዲኮሩንም እኛው እንያዘው» አለችው። «ጨርቅ ጊዜው አልፏል። እንደ መስታወት የሚያበራ የፕላስቲክ ሰሌዳ አዝዣለሁ። ግድግዳው ላይ ለጠፍ ማድረግ ነው፣ አለቀ!»

«እታለም፣ ልጅቷና አባቷስ?»

«የሰው ሥራ አልከለከልኩ። ሌላ ዲጄ ሞልቶላቸው የለ?»

ላሳደገችው እህቱ እምቢ የሚልበት አንደበት አልነበረውም። ወሬውን ከሌላ ሰው ከምትሰማ ብሎ ለባለመሰላሏ ራሱ ነገራት።

«እንኳን ደስ አላችሁ» አለች። አጥፋ የጨረሰችውን ጨርቅ ፈትታ እንደገና ማጠፍ ጀመረች። «አንተስ ምን አልካት?»

«ምንም።»

«በቃ፣ ተስማምተሃላ» አለችና ጥቅሉን ተሸክማ ወጣች። አባቷም ከዚያ በኋላ ያ ልጅ ባለበት አዳራሽ አልገባም አሉ።

በአዲሱ ሰሌዳ የተሠራው የመጀመሪያ ሠርግ በዚያው በለመደው አዳራሽ ነበር። ግድግዳው ሁሉ ያብረቀርቃል፤ ወጣቶቹ ከፊቱ እየተሰለፉ ፎቶ ይነሳሉ። እህቱ በደስታ መሬት አልበቃትም።

ከምሳ በኋላ የሙሽራዋ አባት ማይክ ያዙ። ድምፃቸው የሰለለ፣ ረጋ ብለው የሚናገሩ አዛውንት ናቸው። የመጀመሪያው ቃላቸው ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ተመለሰና ሁለተኛው ላይ ወደቀ። ሦስተኛው ሲመጣ ሁሉም ተደበላልቆ ጫጫታ ሆነ።

«ምን አሉ? ምን አሉ?» ይባባላል እንግዳው።

ዲጄው ድምፁን ከፍ ቢያደርግ ባሰ፣ ዝቅ ቢያደርግ ጠፋ። አዛውንቱ ዙሪያቸውን አዩ። ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ ማይኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ተቀመጡ። ሙሽራዋ አንገቷን ወደ አባቷ አስግጋ ነበር፤ ሌላ ቃል እንደማይመጣ ሲገባት ዓይኗ እንባ ሞላ።

እንግዶቹ ሲወጡ ዲጄው ባዶው አዳራሽ መሀል ቆሞ አንዴ አጨበጨበ። ጭብጨባው ከአራቱም ግድግዳ ተመላልሶ መጣ።

«ምን ሆነሃል?» አለች እህቱ።

«እታለም፣ ድምፁን ሲያጠራው የኖረው እኔ አይደለሁም። ይሄ ግድግዳ ማሚቶ አለው። መጋረጃዋ ነበር ውጦ የሚያስቀርልኝ። እሷም አታውቅም፣ እኔም አላወቅኩም።»

እህቱ ሰሌዳዎቹን ዞር ዞር ብላ አየች። ክርክር ይጠብቅ ነበር፤ እሷ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠች። «የሰውየው ፊት ከዓይኔ አልጠፋ አለኝ» አለች። «ሰሌዳውን እኔ አመጣሁት፣ እኔው አወርደዋለሁ። አንተ ግን ለማሚቶ ብለህ እንዳትሄድባት! ያሳደግኩህ ነኝ፣ ዓይንህን አውቀዋለሁ።»

በማግስቱ ወደ ልብስ ስፌቱ ቤት ሄደ። አባትየው መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብለው ከፋይ ይቆርጣሉ፤ ልጅቷ ከስፌት መኪናው ጀርባ ትሰፋለች።

«እንደምን ዋሉ፣ አባባ?»

«ደህና። ምነው፣ ሰሌዳው ተሰነጠቀ እንዴ?» አሉ ቀና ሳይሉ።

የሆነውን ሁሉ አንድም ሳይደብቅ ነገራቸው። ሲጨርስ የስፌት መኪናው ቆሟል።

«እና ጨርቅ ፈልገህ ነው የመጣኸው» አሉ አባትየው።

«አይደለም።»

«ታዲያ ምን ፈልገህ ነው?»

ዲጄው ወደ ልጅቷ አየ።

«ቆይ፣ እኔ ልጠይቀው» አለች ከተቀመጠችበት ተነስታ። «ወደኸኝ ነው ወይስ ማሚቶው ቸግሮህ?»

«ማሚቶው መፍትሔ አለው፤ ከየትም መጋረጃ ገዝቼ ብሰቅል ይጠፋል። እኔ የመጣሁት ያን ቀን ለእህቴ መናገር የነበረብኝን ለመናገር ነው። እወድሻለሁ። አንቺ የሌለሽበት አዳራሽ ውስጥ ለማን እንደምሠራ አላውቅም። ለእህቴም ነግሬያታለሁ።»

አባትየው መቀሱን አስቀመጡ። ልጃቸው የጠየቀችው ግን ያልጠበቀውን ነበር።

«ሰውየው ለልጃቸው ምን ሊሉ ነበር?»

«ማንም አልሰማም።»

«እንግዲያው መጀመሪያ እሱን እንስማ። የኔን መልስ ከዚያ በኋላ።»

እሁድ ከሰዓት እህትየው፣ ዲጄውና ባለመሰላሏ የሙሽራዋን ወላጆች ቤት አንኳኩ። አዲሶቹ ባልና ሚስትም ተጠርተው መጥተዋል። ዲጄው ስፒከር ሊያወርድ ሲል ባለመሰላሏ ክንዱን ያዘችው። «ተወው፣ ምንጣፍም መጋረጃም አላቸው።»

እህትየው ይቅርታ ጠየቀች። አዛውንቱ «ኧረ ልጆቼ፣ ያለፈ ነገር ነው» ብለው ተግደረደሩ።

«አባዬ፣ ለኔ አላለፈም» አለች ልጃቸው። «በል እባክህ።»

አዛውንቱ ተነስተው ኮታቸውን ቆለፉ።

«ልጄ፣ ሕፃን ሆነሽ ስታለቅሺ ከማንም በፊት የምሰማሽ እኔ ነበርኩ። እናትሽ ጆሮህ እሷ ጋ ቀረ ትለኝ ነበር። አሁን ቤትሽ ራቀ፣ ጆሮዬም ደከመ።» ወደ አማቻቸው ዞሩ። «አደራዬ ለአንተ ነው። ስትናገር መስማት ለማንም አይከብድም። ዝም ስትል ስማት።»

ሙሽራዋ አባቷ ደረት ላይ ተለጠፈች፤ እህትየው መሐረቧን ፍለጋ ቦርሳዋን ታምሳለች።

ባለመሰላሏ ወደ ዲጄው ጠጋ አለች።

«ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

እጁን ያዘችና ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «እሺ» አለችው።