የጉሬዛዋ ፍስክ

«ያምሮት፣ በቃ ጉሬዛዎቹን ጥሪያቸው። ሰው ሁሉ አንቺን እየጠበቀ እኮ ነው» አለች ውዳሴ፣ በክርኗ ጎሸም እያደረገቻት።

ከፍኖተ ሰላም የመጡት የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ተማሪዎች ወደ ትልቁ ዝግባ አንጋጠዋል። መምህራቸው ካሜራ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ፊልሙ ሁለት ፎቶ ብቻ እንደቀረው ደጋግመው ይናገራሉ። ሁሉም ጅጋ ላይ ከመኪና ወርደው ያን አቀበት በእግራቸው የወጡት በውዳሴ ወሬ ነው። ውዳሴ የያምሮት የክፍል ጓደኛ ናት፤ አንድ ነገር ካወቀች ሳታወራው አታድርም። «ጓደኛዬ ስትጠራቸው ጉሬዛዎቹ ወርደው ከእጇ ይበላሉ» ብላ አገር ምድሩን አዳርሳለች።

እውነቷን ነው። ይወርዱ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ከወራት በፊት፣ በሚካኤል ዕለት ነው። ዝግባው ባለበት በዚህ ደብር ጫካ ዛፍ አይቆረጥም፣ አውሬም አይነካም። የዚያን ዕለት የቅኔ መምህሩ የኔታ ክንፈሚካኤል ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ «ጉሬዛ ባሕታዊ ነው። ጥቁርና ነጩን ለብሶ፣ ቅጠል ቀጥፎ ያድራል፤ ከሰው እጅ ምንም አይሻም» ሲሉ ያምሮት ሰማች። ሌላው ሰው ሰምቶ አለፈ። እሷን ግን አሳዘናት። ሰው እንኳ ጾሞ ጾሞ ይፈስካል፤ ይሄ ፍጡር ዕድሜ ልኩን ቅጠል ብቻ? ከዝክሩ የደረሳትን ቁራሽ ዳቦ በነጠላዋ ሸሽጋ ወደ ዝግባው ሄደች። የተባረከ ዳቦ ማንን ይጎዳል ብላ።

መጀመሪያ የወረደችው ልጇን በደረቷ ያቀፈች እናት ነበረች። ግልገሉ ያኔ እንደ ጥጥ ነጭ ነበር፤ የጠቆረው በያምሮት ዓይን ፊት ነው። እየቆየ ምላሷን ጧ ስታደርግ ሁለቱም ዱብ ይሉ ጀመር። እሷን የሚያህል ደስተኛ በአገሩ አልነበረም።

ባለፈው ሚካኤል ዝክሩ የሰፋ ነበርና ነጠላዋን ሙሉ ዳቦ ወሰደች። በማግስቱ እናቲቱን ከዝግባው ሥር ወድቃ አገኘቻት። ሆዷ ተነፍቶ ተወጥሯል። አምና የአጎቷ ጥጃ ጎተራ ገብታ እህል ጠግባ የሞተች ዕለት ልክ እንደዚህ ነበረች። ያምሮት ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋትም። ከውዳሴ ጋር ሊቀብሯት ሲሉ ግልገሉ ከእናቱ አልላቀቅ ብሎ አስቸገራቸው።

አብራት የቀበረችው ውዳሴ፣ «በእርጅና ነው። ዳቦ ማንን ገድሎ ያውቃል? ለማንም እንዳትናገሪ» ብላት ነበር።

አሁን ያቺው ውዳሴ ከቦርሳዋ ሙልሙል አውጥታ እጇ ላይ አኖረችላት። «በይ እንጂ። አታሳፍሪኝ።»

ያምሮት ምላሷን አላንቀሳቀሰችም። ግልገሉ ግን ነጠላዋን አይቶ ኖሮ፣ ሳይጠራ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየወረደ መጣ። ተማሪዎቹ ትንፋሻቸውን ዋጡ። መምህሩ ካሜራውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። ግልገሉ የታችኛው ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጦ እጁን ዘረጋላት።

ያምሮት ሙልሙሉን ለውዳሴ መለሰችላት። ጎንበስ ብላ ጓል አነሳችና ወረወረች። ጓሉ ግንዱ ላይ ፍርክስክስ አለ። ግልገሉ ደንግጦ ሁለት ቅርንጫፍ ወደ ላይ ተፈናጠረ።

«አብደሻል እንዴ?» አለች ውዳሴ። «ፎቶው ቀረ እኮ።»

«ምን ሆነሻል ልጄ?» አሉ መምህሩ፣ ካሜራውን ዝቅ አድርገው።

«ቲቸር፣ እናቱን የገደልኳት እኔ ነኝ» አለች ያምሮት። «ሆዳቸው ለቅጠል ነው የተሠራው። እኔ ዳቦ አበላኋት።»

ውዳሴ ሙልሙሉን ቀስ ብላ ቦርሳዋ ውስጥ መለሰችው። መምህሩ የካሜራውን ክዳን ገጠሙና ተማሪዎቻቸውን በእጅ ጠቅሰው ቁልቁል ወሰዷቸው።

ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ።

«ነገም እመጣለሁ» አለች ያምሮት።

«ምን ልታደርጊ?»

«ላባርረው። እኔን ሲያይ መሸሽ እስኪለምድ ድረስ።»

ግልገሉ ተመልሶ መጥቶ ነበር። የታችኛው ቅርንጫፍ ላይ፣ የቅድሙ ቦታ ተቀምጦ እጁን ዘርግቶላታል። ያምሮት ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ ጎንበስ ብላም ሁለተኛውን ጓል አነሳች።