የማልኩበት ሪሌ

ፈጠራ ነው የሚል ካለ እዚሁ ላይ ማንበቡን ያቁም። ማንንም ለማሳመን አልምልም። መማል ትቻለሁ።

ባለፈው ጥቅምት ነው። ማክሰኞ፣ ልክ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት። ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ፣ የራሴ ጋራዥ ውስጥ።

ክብሩ እባላለሁ። የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ።

ልዘጋ ስል አንዲት አሮጌ ፒካፕ መብራቷን ሳታበራ ገባች። የዓሣ ሽታዋ ቀድሟት ደረሰ።

አወቅኳት...

ከሦስት ወር በፊት ባለቤቷ አልአዛር "የፊት መብራቷ ደብዛዛ ነው" ብሎ አምጥቷት ነበር። ሁለት ሪሌ ገጠምኩላት፤ አንዱ ለረጅሙ፣ አንዱ ለአጭሩ መብራት። ሪሌ ትንሽ ጥቁር ሳጥን ናት፤ መብራቱ ኃይሉን በቀጥታ ከባትሪ እንዲያገኝ ታደርጋለች። ስትሠራ "ጠቅ" ትላለች።

"አዲስ ነው አይደል?" አለኝ ያኔ።

"ልጄ ሮዳስ ትሙት፣ አዲስ ነው!"

አልነበረም። ከተቃጠለ መኪና ላይ የፈታሁት ነው። ምን ታፈጣላችሁ? እኛ ሰፈር የማይምል ሠራተኛ አለ እንዴ?

ከፒካፗ የወረደችው ግን ሚስቱ ጽጌሬዳ ናት። እሷ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ ትገዛለች፣ እሱ ሻሸመኔ ወስዶ ይሸጣል። ከራስ እስከ እግሯ ጥቁር ለብሳለች።

"እትዬ ጽጌሬዳ... ምነው? ምን ሆኑ?"

"ከሻሸመኔ ሲመለስ መብራቱ ድርግም አለበት። ሁለቱም... እኩል። ቦይ ውስጥ ገባ።"

"እግዜር ያጽናዎት" አልኩ አቀርቅሬ።

"ኮፈኑን ክፈት" አለችኝ።

ከፈትኩት። ሪሌዎቼ እዚያው ናቸው። አንዱ ቀልጧል።

ባትሪው ግን የለም።

ቦታው ባዶ ነው። ገመዶቹ ተንጠልጥለዋል።

ናፍጣ ናት፣ ያለ ባትሪም ተገፍታ ተነስታ ይሆናል ብዬ ራሴን አታለልኩ። የሚገፋ ሰው ግን አላየሁም።

ጽጌሬዳ ጠጋ አለች። በሹክሹክታ...

"ሪሌው አዲስ ነበር?"

እውነቱን መናገር እችል ነበር። ግን ተናደድኩ። በገዛ ጋራዤ ማን ስለሆነች ነው የምትመረምረኝ? አፌ እንደለመደው ሮጠ።

"ሮዳስ ትሙት፣ አዲስ ነበር!"

ጠቅ።

የቀለጠው ሪሌ ነው...

መብራቱ በራ። ያለ ባትሪ። መብራት የማስተካክልበት ነጭ ግድግዳ ቦግ አለ። ግድግዳው ላይ ሁለት ጥላ ቆሟል።

አንዱ ረጅም ሰው። ሌላዋ ቦርሳ ያዘለች ትንሽ ልጅ። እጅ ለእጅ ተያይዘዋል።

በመኪናዋና በግድግዳው መሃል ማንም የለም።

"በልጅህ በውሸት ስትምል ሁለተኛህ ነው" አለች ጽጌሬዳ። "እኔ አልረገምኩህም። ራስህ ነህ።"

ጋራዡን ሳልዘጋ ወጣሁ። ባጃጅ ይዤ ወደ ታቦር፣ ወደ ቤቴ በረርኩ። ሰፈሩ በሙሉ መብራት ጠፍቷል። ሚስቴ ራሔል በር ላይ ቆማለች።

"ሮዳስስ?"

"ውስጥ ናት... ክብሩ፣ ልጅቷ ምን ሆና ነው? መብራቱ በዛብኝ ትላለች። መብራት እኮ የለም።"

ገባሁ። ድቅድቅ ጨለማ ነው። በስልኬ መብራት አየኋት። አልጋው ላይ ተቀምጣለች፣ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን አዝላ። በአንድ እጇ ዓይኗን ጋርዳለች። ሌላው እጇ ወደ ላይ ተዘርግቷል፣ አንድ ሰው እንደያዘው ሁሉ።

"አባዬ... ዓሣ ዓሣ የሚሸተው ሰውዬ እንሂድ አለኝ።"

"የቱ ሰውዬ?!"

"መጀመሪያ አባትሽን ጠይቂው አለኝ... አዲስ ነው ወይ በይው አለኝ።"

አልጋው አጠገብ ተንበረከክኩ።

"አሮጌ ነው!" ብዬ ጮህኩ። "አሮጌ ነበር! ዋሽቻለሁ!"

ጠቅ።

እጇ ወደቀ። አቅፌያት አለቀስኩ። እስኪነጋ አልለቀቅኳትም።

ጠዋት ጋራዡ ስደርስ ፒካፗም ጽጌሬዳም የሉም። አሞራ ገደል ሄጄ ጠየቅኩ። እዚህ ከታየች ሳምንት አልፏታል አሉኝ።

ረጅሙ ጥላ ግድግዳው ላይ የለም። ትንሿ ግን ቀርታለች። ቦርሳዋን አዝላ፣ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ። ሁለት ጊዜ ቀለም ቀባሁት። አልጠፋችም።

ሮዳስ ደህና ናት። ትበላለች፣ ትስቃለች፣ ትማራለች።

ትናንት ከትምህርት ቤት እጇን ይዤ ስመልሳት ፀሐይ ከኋላችን ነበረች። አስፋልቱን አየሁ...

የእኔ ጥላ ብቻውን ይሄዳል። እጁን ወደ ጎን ዘርግቶ፣ ምንም ሳይዝ።