ወደ ግራ የምትዞረው መኪና

ይህ ታሪክ ከራሱ እስከ ጅራቱ እውነት ነው። ቅንጣት ውሸት ከተገኘበት ይህን የጻፈች እጅ ትድረቅ። እንዲያውም እውነቱ ከዚህ የባሰ ነበር፤ አንባቢ እንቅልፍ እንዳያጣ ተብሎ ተቀነሰለት እንጂ።

ወንፊት የሚሏት መርማሪ በከተማዋ ቀርቶ በዙሪያዋ ባሉት ከተሞች ሁሉ አቻ አልነበራትም። ሌባ ወንፊት መጣች ሲሉት የሰረቀውን ይመልሳል፤ ያልሰረቀውንም ይጨምርበታል። አንዴ የአንድን ሰው ማስነጠስ ብቻ ሰምታ ማንን እንደገደለ የነገረች ሴት ናት። በሥራ ዘመኗ ተሳስታ አታውቅም፤ ይህን ደግሞ እሷ ራሷም አትክድም።

ያን ቀን ከቀትር በኋላ የተጠራችው አንድ ፎቅ ያለው አሮጌ ቤት ነው። የሞተው ሰው የመንጃ አስተማሪ ነበር። ተማሪ ባጠገቡ በተቀመጠ ቁጥር «ፍሬን፣ ፍሬን» እያለ ስለሚጮህ አገር ሁሉ ጋሼ ፍሬን ይለው ነበር። በዚያ ከተማ መሪ ከጨበጠ ሰው ሁሉ ከእሱ እጅ ያልወጣ የለም። ኋላ ግን አንድ ተማሪው ፍሬኑን ትቶ ነዳጁን ረገጠና ከግንብ ጋር አላተመው፤ ከዚያ ወዲያ እግሮቹ ታዝዘውት አያውቁም።

ጋሼ ፍሬን ከአልጋው ወድቆ በሆዱ ተዘርግቷል። ከንፈሩ ጠቁሯል። አንድ እጁ ወደ መኝታ ቤቱ በር ተወርውሯል፤ ሌላው እጁ የአሻንጉሊት መኪና ሪሞት ጨብጧል። በሩ ክፍት ነው። ከበሩ ወዲያ ሳሎኑ ይታያል፤ በሳሎኑ መሐል የጫማ ካርቶን የምታህል ቀይ መኪና ቆማለች። ጀርባዋ ላይ የቆርቆሮ ሳህን ተበይዶባታል፤ ሳህኑ ላይ አስም ሲነሳበት የሚስበው ፓፍ ተቀምጧል። በሰም በተወለወለው ወለል ላይ ጎማዋ ያሰመረው ጥቁር ክብ አለ። አንድ ዙር ሳይሆን ዙር በዙር የተደራረበ፣ ወፍራም ክብ።

ወንፊት ክቡን ሳትረግጥ ዞረችው። ሌላ ሰው ቢሆን አሻንጉሊት አየሁ ይል ነበር። እሷ ግን ያየችው አንድ ሰው አየር እያጣ፣ ሪሞት እየጠመዘዘ፣ ትንፋሹ የተጫነባት መኪና ዓይኑ እያየ ስትዞርበት ነው።

«ይህን መኪና የሠራው ታናሽ ወንድሙ ነው» አላት አስር አለቃው። «ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። ሠሪው ነው አበላሹ። እርስዎ ይሁን ካሉኝ ፀሐይ ሳትጠልቅ እወስደዋለሁ።»

«ጥፋተኛ ባይሆንስ?»

«ያኔ እንመልሰዋለን።»

«ሰው የተዋስከው ጃንጥላ መሰለህ? ከዚህ ቤት ዛሬ የሚወጣ ሰው በቀላሉ አይመለስም። ማን እንደሚወጣ እኔ እነግርሃለሁ።»

በሶፋው ጥግ የሟቹ እናት ጥቁር ሻርፕ ተከናንባ ተቀምጣለች። ወንፊት ጎንበስ ብላ እጇን ያዘች። «ያጥናዎት እናቴ» አለቻትና አለፈች። ልጇን በዚያው ቀን ያጣች እናት አትመረመርም፤ ይህን ያህል ጨዋነት ነበራት።

መጀመሪያ ወንድምየውን ሳሎኑ ወለል ላይ አስቀመጠችው።

«ፓፏ ለምን አልጋው አጠገብ አልነበረችም?»

«ብርድ ልብሱ ውስጥ ትጠፋበታለች። ለዚያ ነው ቤቷ መኪናዋ ላይ የሆነው። መኪናዋ ደግሞ ባትሪዋን የምትሞላው እዚህ ሳሎን ነው፤ መኝታ ቤቱ ያለው ሶኬት አይሠራም። ሲፈልግ በሪሞት ይጠራታል። ውሃም፣ ጋዜጣም፣ ፓፍም ታመጣለታለች። ሰው ከሚለምን እሷን ይነዳል።»

«ትናንት ደህና ነበረች?»

«ማታ ሁላችንም እያየን ነድቷታል። የጠረጴዛውን እግር መታና ትንሽ ወደ ቀኝ መሳብ ጀመረች። ነገ ማታ ከሥራ ስመለስ አያታለሁ አልኩት።»

«እኔ አሁን አያታለሁ» አለች ወንፊት። «አንተ መልስ ብቻ።»

ከቀላሉ ጀመረች። የመኪናዋን ባትሪ በአዲስ ለወጠች፤ መኪናዋ ነቃች፣ ጉልበቷም ደህና ነው፤ ግን ቀጥ በይ ስትላት ወደ ግራ ትዞራለች። ስለዚህ የባትሪ ድካም አይደለም። የፊት ጎማዎቹን በጣቷ አዞረች፤ ክርም ፀጉርም አልተጠመጠመባቸውም፣ የተጣመመ ዘንግም የለም። ቀጥሎ ሪሞቱን አነሳች። ከመሪው በታች ያለችው ትንሽ ማስተካከያ ቁልፍ እስከ ጥግ ወደ ቀኝ ተጠምዝዛለች።

«ይቺ ምን ትሠራለች?»

«መኪናዋ ወደ አንድ ወገን ከሳበች በእሷ ነው የሚካካሰው። ለትንሽ ስበት ነው እንጂ ለብዙ አትበቃም።»

«ከመሞቱ በፊት ነው ያዞራት። ወደ ግራ ስትስብበት አየ፤ ቁልፏን ወደ ቀኝ እስከሚቆም ወሰዳት። አልበቃም።»

ወንድምየው ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ቀና በል። ገና አልጨረስንም። መሪውን ክፈትልኝ።»

የመኪናዋን ሆድ ከፈተላት። መሪውን የምታዞር አውራ ጣት የምታህል ሞተር አለች። ከሞተሯ ባለ ጥርስ ዘንግ ላይ አንድ ትንሽ የፕላስቲክ ክንድ ተሰክቷል፤ ክንዱ ሲዞር ጎማዎቹ ይዞራሉ። ክንዱን ከላይ አንድ ብሎን ይዞታል። ወንፊት ዓይኗን አጠበበች። ክንዱ ቀጥ ብሎ መቆም ሲገባው በጥርሱ ላይ ተንሸራቶ ወደ ጎን ተሰክቷል።

«ጥርሱን ስቶ ነው» አለ ወንድምየው በሹክሹክታ።

«በራሱ ሊስት ይችላል?»

«ብሎኑ ከላላ ይችላል።»

ወንፊት ብሎኑን በጥፍሯ ነካችው። አልተነቃነቀም። «ጥብቅ ነው። ክንዱ በራሱ ስቶ ብሎኑ ደግሞ ራሱን አጠበቀ በለኛ።»

ወንፊት አጉሊ መነጽሯን አወጣች። የብሎኑ ራስ የመስቀል ቅርጽ አለው፤ ዳር ዳሩ ግን በስለት ተላልጧል።

ቀጥላ ወደ ሚስትየው ገባች። ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣለች፣ አትሰፋም። በከንፈሯ መርፌ ይዛለች፤ ማውጣቱን የረሳችው ይመስላል።

«መርፌዋን አውጪና አዋሪኝ። ጠዋት የት ነበርሽ?»

«ለደንበኛ ቀሚስ ላደርስ ሄጄ ነበር።»

«ከቤት መጨረሻ የወጣሽው አንቺ ነሽ።»

«መጨረሻ የምተኛውም፣ መጨረሻ የምበላውም እኔ ነኝ።»

«"መኪናህ ትገልብጥህ" ብለሽዋል አሉ።»

«ብያለሁ። እሱም "አንቺ ሴት ፍሬን ያዥ" አለኝ። ተሳሳቅን። ባልና ሚስት ነን እኮ፤ ሲኒማ አልገባን፣ በምን እንዝናና?»

«ለምን አልተጣራም? ጎረቤት ይሰማ ነበር።»

«አስም ሲነሳበት ድምፅ የለውም። እንደ ዓሣ አፉን መክፈት ብቻ ነው።» ከከንፈሯ ያወጣችውን መርፌ ጨርቁ ላይ ሰካች። «መታጠቢያ ቤት በጀርባዬ ነው የማደርሰው። ልገድለው ብፈልግ ደረጃው ላይ እጄን መልቀቅ ይበቃኝ ነበር።»

ይህ መልስ ሌላ መርማሪ ፊት ቢቀርብ ክብደት ይኖረው ይሆናል። ወንፊት ግን ዓይኗ የስፌት መኪናው መሳቢያ ላይ ነበር። መሳቢያው ውስጥ ቀጭን ጠፍጣፋ ካቻቢቴ አለች፤ ጫፏ አዲስ የተፋቀ ያህል ያብረቀርቃል። አንስታ ኪሷ ከተተቻት።

መጨረሻ የጠየቀችው ፎቅ ላይ ያለውን ተከራይ ነው፤ ፀጉር አስተካካይ። ከበሩ ማዶ ሽቶው ቀድሞ ይቀበላል።

«እትዬ እንደ እህቴ ናት» አለ ሳይጠየቅ።

«እህትህን ቀሚስ ስትለካ በመስታወት ታያታለህ ይላሉ።»

«እኔ ሰውን ሁሉ የማየው በመስታወት ነው። ሥራዬ ነው። የርስዎንም ማጅራት አይቼዋለሁ፤ ትንሽ መስተካከል ይፈልጋል።»

ወንፊት እጇ ወደ ማጅራቷ ሊሄድ ሲል መለሰችው። «ካቻቢቴ አለህ?»

«ቶንዶዝ የምፈታበት አለኝ።» አወጣላት። የካቻቢቴው ጫፍ ሰፊ ነው፤ እዚያ ትንሽ ብሎን ራስ ውስጥ በምንም አይገባም። ወንፊት ይህን ለመለካት ዓይኗን ብቻ ነው የተጠቀመችው፤ ዓይኗ ከማስመሪያ ይበልጥ ነበር።

አመሻሽ ላይ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ሬሳው ተወስዷል። ክቡ ግን ወለሉ ላይ አለ፤ ማንም ሊረግጠው አልደፈረም፤ በዙሪያው ቆሙ። እናት በሶፋዋ ጥግ እንዳለች ናት። አስር አለቃው ካቴናውን በጣቱ ያንጠለጥላል፤ ዓይኑ ወንድምየው ላይ ነው።

«አትቸኩሉ» አለች ወንፊት፣ መኪናዋን እንደ ሕፃን ታቅፋ። «መኪናዋ ትናንት ማታ ትሄድ ነበር። ዛሬ አልታዘዝ አለች። ባትሪ ነው? ባትሪ ለወጥኩ፤ አይደለም። ጎማ ነው? ፈተሽኩ፤ አይደለም። ሪሞቱን ሟቹ ራሱ እስከ ጥግ አጣሞታል፤ ያንን ያደረገው ለመዳን ነው። የቀረው ክንዱ ነው። ክንዱ ጥርሱን ስቷል። ብሎኑ ላልቶ ቢሆን አደጋ ነው፣ እግዜር ያመጣው ነው እል ነበር። ብሎኑ ግን ጥብቅ ነው። ሰው ፈታው፤ ሰው አዛንፎ ሰካው፤ ሰው መልሶ አጠበቀው።»

«ያልኩት ይሄንኑ ነው» አለ አስር አለቃው፣ ወደ ወንድምየው እየተጠጋ።

«ቆይ አንተ። ይህ ሰው ኪሱ ውስጥ ባለ መስቀል ካቻቢቴ ይዞ ነው የሚተኛው። በሱ ቢፈታው ብሎኑ ላይ ጭረት ባልቀረ። የፈታው ሰው ጠፍጣፋ ስለት ነው የተጠቀመው። በዚህ ቤት ጠፍጣፋ ያላቸው ሁለት ናቸው። የፀጉር አስተካካዩ አይገባም። ይቺ ግን ትገባለች።» ቀጭኗን ካቻቢቴ ከኪሷ አወጣችና የብሎኑ ራስ ላይ አስቀመጠቻት። ልክክ አለች። «ከቤት መጨረሻ የወጣው ማነው? ሟቹ ሲታፈን እንደማይጮህ የሚያውቀው ማነው? ጀርባው በሸክም የጎበጠው፣ አልጋው ባዶ ቢሆን የሚያርፈውስ?»

ሚስትየው ክቡን ነበር የምታየው።

«እትዬ?» አለ ወንድምየው። «አይደለሁም» እንድትለው የጠበቀ ይመስላል። አላለችም። ፀጉር አስተካካዩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

አስር አለቃው ፊቱን ወደ ሚስትየው አዙሮ ካቴናውን አጠለቀላት። እንዲህ ያለ የእንቆቅልሽ ፍቺ በምድር ላይ ከዚያ ወዲህ አልተሰማም፤ አስር አለቃው ራሱ በአድናቆት ኮፍያውን ሊያወልቅ ምንም አልቀረውም።

«ካቻቢቴ አይደለም» አለች እናት።

ድምፅዋ ዝቅ ያለ ስለነበር መጀመሪያ ማን እንደተናገረ አላወቁም።

«ምን አሉ እናቴ?»

«ቢላዋ ነው። የዳቦው ቢላዋ። ያቀበልኩት እኔ ነኝ።»

ወንፊት መኪናዋን እንደታቀፈች ቀረች።

«ምራቴ ከወጣች በኋላ ጠራኝ» አለች እናት። ዓይኗን ከካቴናው አላነሳችም። «ወደ ቀኝ ትስባለች፣ አምጪልኝ አለኝ። ወንድምህ ማታ ያይልሃል ስለው፣ "አገር ምድሩን መሪ ያስተማርኩ ሰውዬ፣ ለዚህቺ ወንድሜን ልጠብቅ?" አለኝ። መነጽሩን ፈለግን፣ አጣነው። እኔ ያዝኩለት፣ እሱ ፈታው። ወደ ግራ መለስኳት አለና ሰካው፤ አጠበቀው። ፓፏንም መልሼ ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩ። ቦታዋ ውሰጃትና ከዚህ ሆኜ እነዳታለሁ አለኝ። ወሰድኳት። ከዚያ የታጠበ ልብስ ላሰጣ ጓሮ ወጣሁ።»

«ታዲያ ለምን እስካሁን ዝም አሉ?» አለች ወንፊት። ድምፅዋ ከቅድሙ ድምፅ ጋር አይመሳሰልም።

«ዝም ብዬ ልሞትበት ነበር። አሁን ግን እሷን ልትወስዷት ነው።»

ሚስትየው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። «እማማ» አለች፣ «ይበቃል፣ ተዪው።»

እናት ግን አልተወችውም።

«ጓሮ ሆኜ ስትዞር ሰምቻታለሁ» አለች። «ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ አታቆምም። እየሞከራት ነው ብዬ ነው ልብሱን አስጥቼ የጨረስኩት።»