የሰዓት ሠሪው ቡና መፍጫ

ጡረተኛው ሰዓት ሠሪ ቅዳሜ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ቡናውን እስከ ግማሽ ጠጥቶ፣ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ እንደተደፋ ተገኘ። ሐኪሙ «ልብ ነው» ብሎ ሊፈርም ሲል ሲኒው ውስጥ ነጭ ዝቃጭ አየና ብዕሩን ወደ ኪሱ መለሰ። ወጥ ቤቱ ታሸገ። ሰኞ ጠዋት የምርመራው ውጤት መጣ፤ ሟቹ በቀን አንድ ብቻ ከሚውጠው የልብ ኪኒን ሃያ ያህሉ ተፈጭቶ ቡናው ውስጥ ገብቷል።

መርማሪዋ ሰው ሲያወራ ከፊቱ ይልቅ እጁን የማየት አመል አላት። ብዙ ሰው አይወድላትም፤ እሷም እንዲወዱላት አትፈልግም። እሽጉን ቀድዳ ገባችና ከመደርደሪያው ላይ የእጅ ቡና መፍጫውን አወረደች። ጥርሱ ንጹሕ ነው፤ ዝገት የለበትም፣ ውሃ አልነካውም። ሚስማር ላይ የተንጠለጠለው ትንሽ ብሩሽ ግን ሥሩ ላይ ነጭ ዱቄት ይዟል። የመፍጫውን ማስተካከያ ቀለበት እስኪቆም ድረስ እያጠበቀች ቆጠረች። አሥራ ስምንት ጊዜ ቀጭ ብሎ ቆመ። ቁጥሩን ጻፈች።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። ሚስቱ ከጓሮ ልብስ ታሰጣ ነበር፤ አስተማሪዋ ልጁ ክፍሏ ሆና ፈተና ታርም ነበር፤ የሰዓት ሱቁን አብሮት ይዞ የነበረው ታናሽ ወንድሙ ሳሎን ጋዜጣ ያነብ ነበር። አንዱ ሌላውን አላየም፤ ለመርማሪ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነገር የለም።

«መፍጫውን ማን ይነካዋል?» ስትል ሚስቱን ጠየቀች።

«ማን ደፍሮ! ‹ውሃ እንዳይነካው፣ ጥርሱ ይዝጋል፣ በብሩሽ ብቻ› እያለ ሠላሳ ዓመት ቀጥቅጦናል። እኔን እንኳ እንደሱ አልተንከባከበኝም።» ልትስቅ ሞከረችና እንባዋ ቀደማት። «ከምሳ በኋላ ይፈጭና ቡናውን መሳቢያው ውስጥ ትቶት ጋደም ይላል። አሥር ሰዓት ሲነሣ ያፈላዋል።»

«ስንት ላይ ነው የሚፈጨው?»

«ሃያ አራት።»

«ሳምንቱን ሙሉ ምን አጨቃጨቃችሁ? ጎረቤት ሰምቷል።»

ሚስቲቱ የሻርፗን ጫፍ ጣቷ ላይ መጠቅለል ጀመረች። «የባልና ሚስት ነገር ነው» አለች።

ልጅቷም ሃያ አራት አለች። «ድሮ አሥራ ስምንት ነበር። አባዬ በቅርቡ ማጥለያ ያለው ማንቆርቆሪያ ገዛ፤ ልሙ ቡና በማጥለያው እያለፈ ሦስት ቀን አተላ አጠጣን። ባለፈው ሳምንት ነው እንዲሸክር ብሎ ሃያ አራት ያደረገው።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ኢንስፔክተር፣ ኪኒኑን ሳሎን ቁም ሳጥን ውስጥ የምትይዘው እማዬ ናት። እሱ ከሞተ ጀምሮ ከእጇ እህል መቀበል አቅቶኛል። የወለደችኝን እናቴን! ወይ እሷ ናት በሉኝ፣ ወይ አይደለችም በሉኝ።»

ወንድምየው እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ተቀመጠ። «ሁለት ሳምንት ለሥራ ወጥቼ ዓርብ ነው የገባሁት። ወጥ ቤት ድርሽ አላልኩም።»

«መፍጫውን ግን ያውቁታል?»

«እንዴት አላውቀውም! ጥርሱን ሱቃችን ውስጥ አብረን ነው የሞረድነው። አሥራ ስምንት ላይ ነው የሚፈጨው። ሰማይ ቢደፋ አይለውጥም።»

መርማሪዋ አመስግናው ወጣች፤ ሁለት ስልክ ደወለች። ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ወጥ ቤት ሰበሰበች።

«ሟቹ ቅዳሜ ሃያ አራት ላይ ፈጨ፤ ማንቆርቆሪያው ውስጥ የቀረው አተላ ሸካራ ነው። ከዚያ ተኛ። ኪኒን ሃያ አራት ላይ ቢፈጭ ስብርባሪው ይታያል፤ ስለዚህ ገዳዩ ቀለበቱን አጥብቆ አላመውና ከመሳቢያው ቡና ጋር ደባለቀው። መፍጫውን በውሃ አላጠበም፤ እንደ ቤቱ ደንብ በብሩሽ ጠረገው። በመጨረሻ ቀለበቱን ወደ ቦታው መለሰ። ሁለቱ ሴቶች ቢሆኑ ወደ ሃያ አራት ይመልሱት ነበር። እኔ ያገኘሁት አሥራ ስምንት ላይ ነው። ደንቡን የሚያውቅ፣ ያለፈውን ሳምንት ግን ያልነበረ ሰው ነው።»

«እኔን ለማስያዝ ሆን ብለው ቢሆንስ?» አለ ወንድምየው።

«ሊያስይዝዎት የፈለገ ሰው ስምዎን ያነሣ ነበር። ሁለቱም አላነሡም። ደግሞ ደውዬ አጣርቻለሁ፤ ሥራ ላይ አልነበሩም፣ ጋራዥ ነበሩ። የመኪናዎ መብራትና ኮፈን ተቀይሯል። ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ ጋዜጣ አዟሪ ገጭቶ ያመለጠውን መኪና ትራፊክ ፖሊስ እስካሁን ይፈልገዋል።»

የወንድምየው እጆች ከጉልበቱ ላይ ተነሥተው ማረፊያ አጡ። ሚስቲቱ ያን ጊዜ ተናገረች።

«ባሌ ነገሩን ደርሶበት ባለፈው ሳምንት በስልክ ‹እጅህን ስጥ፣ አለዚያ እኔው እናገራለሁ› አለው። እኔ ነኝ ‹ወንድምህ ነው፣ እስከ ሰኞ ታገሠው› ብዬ እግሩ ላይ የወደቅኩት። ሳምንቱን ሙሉ የተጨቃጨቅነው ለዚህ ነው።» ወደ ወንድምየው ዞረች። «እስከ ዛሬ ነበር። ቅዳሜ ገና ሁለት ቀን ነበር የቀረህ።»

በር ላይ ይጠብቁ የነበሩት ፖሊሶች ይዘውት ወጡ። ልጅቷ ካለችበት አልተንቀሳቀሰችም።

«እማዬ፣ እኔ አንቺን…»

«አውቃለሁ» አለች እናትየው። «ቅዳሜ ማታ ነው ፊቴን ማየት ያቆምሽው። አሁን እይኝ።»

ልጅቷ ቀና አለች።